ብጣሼ ፎቶ ስትነሣ

አንድ ቀን ማለዳ፣ የደብረ ሲና ጉም ገና ከቤቶቹ ጣራ ላይ ሳይነሣ፣ ሁለት ሴቶች አንድ ጥቅልል ይዘው ወደ ሞላልኝ ፎቶ ቤት ዳገቱን ይወጡ ነበር። ጥቅልሉን የታቀፉት እማማ ደብሪቱ ናቸው። ከኋላ የምትከተላቸው ምራታቸው ሙሉመቤት ናት። ጥቅልሉ ውስጥ ደግሞ ልጅ አለች። አለች የሚባለውን ሰፈሩ የተቀበለው አምኖ እንጂ አይቶ አይደለም።

እማማ ደብሪቱ በሌላው ነገር ሁሉ እጃቸው የተፈታ ሴት ናቸው። ቤታቸው የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም፤ የበላውም ቢሆን ሳይጎርስ አይወጣም። የሚሰስቱት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በልጅ ልጃቸው ፊት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣው ሁሉ ገንፎውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ መርቆ፣ አንድ ድብልብል ነጠላ አይቶ ይወጣል። ቁጭ ብሎ ቢቆይ፣ ወሬውን ስለ ሕፃን ጆሮና አፍንጫ ቢያደርገው፣ አልጋው አጠገብ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል ቢያጎነብስ ምንም አያገኝም። በመጨረሻ ሰፈሩ ይቀልድ ጀመር። አንዱ «ለመሆኑ ሙሉመቤት ምን ወለደች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «ነጠላ ነው አሉ፤ ጥለቱ ግን በጣም ያምራል» ይላል።

ስስቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሙሉመቤት የእማማን ልጅ ይርዳውን ካገባች ረጅም ጊዜ ሆኗት ነበር። ይህቺ ልጅ የመጣችው እናቷ አርባን ካለፈች፣ ዘመድ አዝማዱም «ምነው እስካሁን?» ማለቱን ከተወ፣ እሷም የሕፃን ልብስ በሚሸጥበት ሱቅ በኩል ማለፏን ካቆመች በኋላ ነው። እንዲህ ተለምና የመጣችን ልጅ እማማ ደብሪቱ ለማንም ዓይን አሳልፈው ሊሰጡ አልቻሉም። ትራሷ ሥር ቢላዋ አስቀመጡ። በር ላይ የሚያልፈውን ሰው ኮቴ አዳመጡ። ስሟን እንኳ «ብጣሼ» አሉት፤ ብጣሽ ጨርቅን ማን ይመኛል ብለው።

ይርዳው ልጁ ስትወለድ አልነበረም። የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነውና በዚያ ሰሞን ታች አፋር በረሃ ውስጥ ካምፕ ላይ ነበር። የካምፑ ሾፌር ሸዋንግዛው ለስንቅ ወደ ደጋ በወጣ ጊዜ የቃል መልእክት ይዞ መጣ። ይርዳው ያለው ይህ ነበር፦ ሰው ሁሉ ልጅህ ማንን ትመስላለች ይለኛል፤ የምመልሰው የለኝም። ጋደም ብዬ ፊቷን ለማሰብ ስሞክር የሚመጣልኝ የራሴው ፊት ነው፣ ከነጺሙ። እባካችሁ ፎቶዋን ላኩልኝ።

እማማ ይህን ሲሰሙ ለሾፌሩ ወዲያው መልስ ሰጡት። «ቁርጥ አባትህን ናት በለው። ግንባሯን ሲያይ ያውቀዋል።» ስለ ባላቸው ግንባር ሲናገሩ ሟቹን ቤት ውስጥ ያሉ ነበር የሚያስመስሏቸው።

ሸዋንግዛው ነገ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ሰማዩ ከብዷል፤ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። አንዴ ወንዙ ከሞላ ወደ ካምፑ የሚወስደው መንገድ እስከ መስከረም አይከፈትም። ፎቶው ዛሬ ካልተነሣ ይርዳው ጺማም ልጅ እያለመ ሊከርም ነው።

ይህን ሁሉ ሙሉመቤት ታውቃለች። ግን ደፍራ መናገር አልቻለችም፤ ምክንያቱ ጉሮሮዋ ላይ የቆመ አንድ ቃል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እማማ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጎረቤታቸው ጥሩወርቅ መጥታ፣ ለአንዴ ብቻ ብላ፣ ጉልበቷን ልትስም እስክትደርስ ለመነቻት። ሙሉመቤት ሆዷ አልቻለም። የነጠላውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። ጥሩወርቅ «ውይ፣ ዓይኗ» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። በማግስቱ የልጅቷ አፍንጫ ታፈነ፤ ጡት እየያዘች ትለቅ፣ እየለቀቀች ታለቅስ ጀመር። እማማ ታቅፈዋት ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ «ማን አያት?» ሲሉ ጠየቁ። ሙሉመቤት «ማንም» አለች።

ሙሉመቤት ሳይንስ የምታስተምር ሴት ናት። ጉንፋን ከምን እንደሚመጣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስላ ለተማሪዎቿ ታስረዳለች። ዓይን አፍንጫ እንደማይደፍን ታውቃለች። ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማት። ጉንፋኑ በቀናት ውስጥ አለፈ፤ «ማንም» የሚለው ቃል ግን አላለፈም። ከዚያ ወዲህ አማቷን አንድ ነገር ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት እንደ ተከሳሽ ድምፅዋ ይቀጥናል። ስለ ፎቶውም የለመነችው በዚያው በቀጠነ ድምፅ ነበር።

እማማ ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈቀዱ። «ፎቶ ትነሣ፤ ፊቷ ግን አይገለጥም» አሉ።

«ፊቷ ካልታየ ፎቶው ምን ያደርጋል እማማ?»

«እሱን የሚያውቀው ፎቶ አንሺው ነው። ሥራው አይደለም እንዴ?»

 ቢላዋው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከልጅቷ ጋር ታቀፈና ወጡ።

ሞላልኝ ከሙሉመቤት ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ምላሱ ስል የሆነ፣ የሚያሾፍበት ሰው ሳይቀር የሚወደው ሰው ነበር። ካሜራው ከአባቱ የወረሰው ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፤ በሦስት እግር ቆሞ ጥቁር ጨርቅ ይንጠለጠልበታል። ሞላልኝ ጨርቁ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ያነሣል፤ ያነሣውንም እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አጥቦ እርጥቡን ፎቶ ያወጣል። ሳጥኑ ሲያነሣ ዝግ ያለ ነው፤ የሚነሣው ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መቆየት አለበት። ትልልቁ ሰው ይህን ሲያደርግ ፊቱ ችሎት ፊት የቆመ ይመስላል። ሞላልኝ ስሙ የወጣው ግን በሕፃናት ነው፤ ትንፋሽ ያዙ የማይባሉትን።

ግቢው ሲገቡ አቀባበሉን አሳመረ። ሙሉመቤትን እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። ጥቅልሉን ሲያይ የሰፈሩ ቀልድ ትዝ እንዳለው ከከንፈሩ ዳር ያስታውቅ ነበር፤ ቀልዱን ግን ዋጠው።

እማማ ደብሪቱ አልተቀመጡም። በረንዳው ግድግዳ ላይ ወደተሰቀሉት የሕፃናት ፎቶዎች ሄደው አንድ በአንድ መረመሩ። ሁሉም ዓይናቸውን በልጥጠው ያያሉ። እማማ የመጨረሻውን አይተው ዞር አሉ።

«እነዚህ ሁሉ አሉ?»

«አሉ እትዬ ደብሪቱ» አለ ሞላልኝ። «ያቺ ባለ ሹራቧ በቀደም ሦስተኛ ልጇን ይዛልኝ መጥታ ነበር። ያ ጉንጫሙ አሁን ትራፊክ ፖሊስ ነው። እሱንማ ሾፌር ሁሉ በክፉ ዓይን ነው የሚያየው፤ እሱ ግን እየወፈረ ነው።»

እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉ። ሙሉመቤት ከሳቅ ይሁን ከጉሙ ቅዝቃዜ መለየት አልቻለችም።

ሞላልኝ ወደ ሥራው ገባ። ልጅቷ ጠብታ እንደሆነ፣ ተኝታ እንደነቃች እናትየዋን ጠየቃት። የራበው ሕፃን ፎቶ አንሺን እንደ ጠላት ነው የሚያየው፤ እንቅልፍ የመጣበት ደግሞ ፎቶ አንሺውንም እናቱንም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ይህ ከጡት በኋላ ያለው ነው አላት። ሙሉመቤት ጉሙ እስኪገልጥ ብንጠብቅስ ስትለው አይሆንም አለ። ፀሐይ ስትወጣ ሕፃን ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጉም ግን ብርሃኑን አጣርቶ የሚሰጥ ትልቅ ወንፊት ነው፤ ደብረ ሲና የተወለደ ልጅ በዚህ እንኳ ዕድለኛ ነው። ከዚያ የሳጥኑን እግሮች አሳጥሮ ዝቅ አደረገው። ሕፃንን ቆሞ ከላይ የሚያነሣ ሰው የሚያገኘው መሃል አናቱን ብቻ ነው እያለ፣ እሱ ራሱ መሬት ላይ ተንበረከከ። ወንበሩ ጀርባ ሐይቅና አንድ ትልቅ ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ ነበር፤ ያንን ሊያወርደው እጁን ሰደደ።

«ለምን ታወርደዋለህ?» አሉ እማማ።

«ዳክዬው ካለ ሰው ዳክዬውን ነው የሚያየው እትዬ። ልጅቷን ማን ያያታል?»

«እንግዲያው ይቆይ። እሱን ይዩት።»

ሞላልኝ እጁን መለሰ። ወደ ሙሉመቤት ጎንበስ ብሎ «የሕፃን ፎቶ የሚያበላሹት ረሃብ፣ ፀሐይና አያት ናቸው» አላት።

«አያት ያልኸውን ሰምቻለሁ» አሉ እማማ ከወዲያ።

«እኔም ጆሮዎ ደህና እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።»

ሙሉመቤት ዳክዬው ፊት ተቀመጠች፤ ጥቅልሉም ጭኗ ላይ ተደረገላት። ሞላልኝ ተንበርክኮ እንዳለ «በሉ እንግዲህ፣ ነጠላውን» ሲል እማማ ቀደሙት።

«አይገለጥም።»

ሞላልኝ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። አልቀለዱም። ክርስትና ሳትነሣ ማንም እንደማያያት፣ በሰማንያ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንደምትገለጥ፣ ያን ጊዜ አገር ምድሩ ሊያያት እንደሚችል ነገሩት። ሙሉመቤት በዚያች በቀጠነች ድምፅ «እማማ፣ ይርዳው እኮ አባቷ ነው» አለች።

«እሱ ብቻውን መሰለሽ የሚያያት? ካምፑ ሙሉ ጎረምሳ ነው። አንዱ ለአንዱ ያቀብላል። አንዱ ተነሥቶ ‹ስታምር› ይላል።» ቃሉ ከራሳቸው አፍ በመውጣቱ ደንግጠው ወደ ጥቅልሉ ጎንበስ አሉና እትፍ እትፍ አሉ።

ሙሉመቤት ልትመልስ አፏን ከፈተች። «ማንም» ያለችው መጣባትና ዘጋችው። ሞላልኝ አንዴ አማቲቱን፣ አንዴ ምራቲቱን አየ። የሙሉመቤት ጣቶች የነጠላውን ጥለት እየጠመዘዙ ነበር። ሸዋንግዛው ነገ ጠዋት እንደሚሄድ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል።

«እሺ እትዬ» አለ እጅ ነሥቶ። «ያሉት ይሆናል።»

ሙሉመቤት የካዳት ያህል አየችው። እሱ ግን አላያትም፤ ባቄላ ያለበት ጣሳውን አንሥቶ ሥራውን ጀመረ። ሥራውንም ፍጹም የምሩን ሠራ። ነጠላው ፊት ጣሳውን አንቃጨለ። «ብጣሼ፣ ወደዚህ እዪ። ወዲህ ነው እንጂ ወደ እማዬ አይደለም» አለ ለጥለቱ። ጥቅልሉ ውስጥ አንድ ነገር ተንፈራገጠ።

«ሳቀች?» ብሎ እማማን ጠየቃቸው።

እማማ የነጠላውን ጫፍ በሁለት ጣት አንሥተው የራሳቸውን ጭንቅላት ከውስጥ አስገቡና ወጡ። «ሳቀች» አሉ።

«እንዴት ዓይነት ሳቅ ነው? ሰፋ ያለ ነው ጠበብ ያለ?»

ተመልሰው ገቡ። «ሰፋ ያለ ነው» አሉ ከውስጥ።

«አገጯን ቀና ያድርጉልኝ። ትንሽ ወደ ግራ። አሁን ማንን ታያለች?»

«እኔን።»

«እርስዎን ማየቷን ትታ እኔን እንድታይ ይንገሩልኝ።»

እማማ ነገሩላት። እንዲህ እያሉ፣ እሱ ከውጭ እያዘዘ እሳቸው ከውስጥ እያወሩለት ቆዩ። ሙሉመቤት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ምን እንደሚካሄድ ሳይገባት፣ ለመሳቅም ለማልቀስም እኩል ቀርባ ተቀምጣለች። በመጨረሻ ሞላልኝ ልጅቷ እንደዚያው ትቆይ፣ በጣም ጥሩ ሆናለች አለና ራሱን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ቀበረ። እማማ ይህን በጥሞና አዩት። የተሸፈነ ሰው ደስ ይላቸዋል።

«አንተስ ለምንድን ነው የምትሸፈነው?» አሉት።

«የኔን ዓይን ማን ያውቀዋል ብዬ ነው እትዬ» አለ ከጨርቁ ውስጥ።

ፎቶው ተነሣ። ሞላልኝ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ሲያጥብ፣ ሲያገላብጥ ቆየና እርጥቡን ፎቶ አወጣ። ውሃውን አራግፎ፣ እንደ ትልቅ ስጦታ በሁለት እጁ ለእማማ አቀረበላቸው።

ፎቶው ላይ ሙሉመቤት አለች፤ ፊቷ ለምስክርነት የተጠራ ሰው ፊት ነው። ጭኗ ላይ አንድ ነጭ ክምር አለ፤ ጥለቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ከኋላዋ ያለው ዳክዬ ደግሞ በሕይወቱ እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ የሚያየውን ሰው ያያል።

እማማ ፎቶውን ወደ ብርሃን ወሰዱት። አቀረቡት፤ አራቁት። አውራ ጣታቸውን ነጩ ክምር ላይ አሳርፈው፣ ግንባር ሊሆን ይችላል ያሉትን ቦታ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ሙሉመቤት የእማማ ፊት ሲጨልም አየች። ለልጃቸው ግንባሯን ሲያይ ያውቀዋል ብለው ቃል ልከዋል። ነገ ጠዋት የሚሄደው ይህ ነው።

«ልጅቷ የታለች?» አሉ በመጨረሻ። «ግንባሯስ የታለ?»

ሞላልኝ እጁን በሽርጡ እያደረቀ ቀረብ ብሎ ፎቶውን ከትከሻቸው በላይ አየ። ፊቱ ላይ አንዲት የፌዝ ምልክት የለም።

«አይቸኩሉ እትዬ» አለ። «ፎቶውም እንደሷ አራስ ነው። ሰማንያ ቀኑ ሲሞላ ነጠላው ይነሣል፤ ያን ጊዜ ግንባሯን ያያሉ።»

 እማማ ደብሪቱ ወደ ፎቶው መልሰው አዩ፤ ምናልባት አሁኑኑ መገለጥ ይጀምር እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙሉመቤት ያለቀሱ መስሏት ልትነሣ ስትል ነጠላቸው ከአፋቸው ላይ ወደቀ። እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እስኪመጣ፣ በረንዳውን ተደግፈው።

«አንተ ምላሰኛ» አሉት ትንፋሻቸው ሲመለስ። «እናትህም እንዲሁ ነበረች።»

ከዚያ ተቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ከቋጠሮው ውስጥ ብጣቂ ወረቀት ወጣ፤ ወረቀቱ ውስጥ ጥላሸት ነበር። የሕፃን ግንባር ላይ ጠቆር አድርገው ሲያበላሹት ዓይን እዚያ ላይ ያርፋል ይባላል። ሙሉመቤት ጥላሸቱን አየችው። ከፎቶ ቤት የተገኘ አይደለም፤ ከቤት ምድጃ የተጠረገ ነው። እማማ ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ «ፊቷ አይገለጥም» እያሉ በሩን ሲዘጉ፣ ፊቷን የሚገልጡበትን መላ ቋጥረው ነበር የወጡት። የቀራቸው የሚረታቸው ሰው ብቻ ነበር።

«ግለጪያት» አሏት።

የሙሉመቤት እጅ ከጥለቱ ላይ አልነቃነቅ አለ።

«ምን ትፈሪያለሽ? ለጥሩወርቅ ስትገልጪላት እጅሽ እንዲህ አልከበደም።»

ሙሉመቤት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ያውቁ ነበር?» አለች።

«ነጠላው እኔ ባጠፍኩት መንገድ አልነበረም የታጠፈው። እኔ ጥለቱን ወደ ውጭ ነው የማደርገው።»

«ታዲያ ያን ለት ማን አያት ሲሉኝ ማንም ስል…» ልትጨርሰው አልቻለችም። «ከዚያ ልጅቷ ታመመች።»

እማማ ደብሪቱ የጥላሸቱን ወረቀት ሲከፍቱ ሲዘጉ ቆዩ። ቀና ሳይሉ መለሱላት። «ከዚያ በፊት ስንት ቀን ሳስነጥስ የከረምኩት እኔ አይደለሁም? ታቅፌያት ነበር እኮ ሳስነጥስ። አንቺ ማንም ስትይ፣ እኔም ጥሩ፣ ማንም አልኩ።»

ሙሉመቤት አማቷን አየቻቸው። እነዚያን ቀናት ሁሉ አንድ ጣራ ሥር ሁለት ጥፋተኞች ሲጠባበቁ ነው የከረሙት። ሳቋ መጣ፤ ከሳቁም ጋር ያ ቃል ከጉሮሮዋ ወረደ። ነጠላውን ገለጠችው።

ብጣሼ ጉሙን፣ ሳጥኑንና ሞላልኝን በየተራ አየች። ዓይኖቿ ጥሩወርቅን አፍ ያስያዙት ዓይኖች ናቸው። ግንባሯ በእውነት ግንባር ነበር፤ ሰፊና ጎላ ያለ። እማማ ጣታቸውን ጥላሸቱ ውስጥ ነክረው መሃሉ ላይ ጠቆር አደረጉት። ከዚያ ወደ ሞላልኝ ዞሩ።

«በል ስደባት።»

«ምን አልኩ?»

«እንዳታደንቃት። ያደነቅካት እንደሆነ ዳክዬህን በቢላዋ ነው የምቀደው። ስደባት።»

ሞላልኝ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አግኝቶ አያውቅም፤ ግን ደስ አለው። መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እኩል አድርጎ ጀመረ። «አንቺ ፉንጋ» አላት ድምፁን አለስልሶ። «ምን ያለሽ ጉጉት ነሽ? ይሄን አፍንጫ ከየት አመጣሽው? ከገበያ ተርፎ ነው?» ብጣሼ አፏን ከፈተች። «ጉንጭሽ ደግሞ ያልተቦካ ሊጥ ይመስላል።» ብጣሼ እግሮቿን አራገበች። «ይሄ ደግሞ ግንባር ነው የአውሮፕላን ማረፊያ?»

«ግንባሯን ተው» አሉ እማማ ቆጣ ብለው። «እሱ የባሌ ነው።»

ብጣሼ ይህን ጊዜ ሳቀች። ሞላልኝ ትንፋሹን ቆልፎ ወደ ጨርቁ ገባ። ልጅቷ እንዳትነቃነቅ እማማ ጣሳውን ተቀብለው፣ እየተሳደቡ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ያንቃጭሉ ነበር፤ እሷም እሳቸውን እያየች፣ ያንን ሳቅ ሳጥኑ እስኪጠግብ ድረስ ያዘችለት።

ሸዋንግዛው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁለተኛውን ፎቶ በደረት ኪሱ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ክረምቱ መንገዱን ከዘጋው በኋላ ከይርዳው አንድ ቃል በመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት ሬዲዮ መጣ፦ ግንባሩ የአባቴ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ግን ምንድን ነው? እማማ ለሬዲዮ ሠራተኛው፣ እሱ ላንተ ብዬ ያደረግሁት ነው በልልኝ አሉት፤ ከሁሉ ይልቅ የምታደንቃት አንተ ነህና።

የመጀመሪያው ፎቶ ደግሞ አልተጣለም። እማማ ራሳቸው ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ሰማንያው ቀን ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ መጣች፤ ገንፎውን በላች፣ ጠላውን ጠጣች፣ አልጋው አጠገብ ያለውን ጥቅልል ስታይ፣ አጎንብሳ የወደቀ ነገር ስትፈልግ ቆየችና፣ ዛሬስ ልጅቷን አያሳዩኝም ወይ ብላ ለመነች። ሙሉመቤት አንገቷን ደፋች። እማማ ደብሪቱ ግን ምንም ሳያቅማሙ ወደ ግድግዳው ጠቆሟት።

«ያችውልሽ» አሏት። «ዓይንሽ እስኪጠግብ እያት።»